በስምህ ላይ ያረፈው ማኅተም

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ማንበብ በምትችልበት ቦታ ብትሆን ኖሮ የምጽፍልህ ሌላ ነገር ነበር። «ቶሎ ና» ብዬ አንድ መስመር እጽፍና እዘጋው ነበር። እንዳልሆንክ እያወቅኩም ቢሆን፣ ከሌላ ሰው ከምትሰማው እኔው ልንገርህ።

አንተ በነበርክ ጊዜ የምሠራበት የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ቤት ማኅተም የሚመታው ባለ እንጨት እጀታው በእጅ ነበር። ጣቶቼ ሐምራዊ ሆነው ቤት ስገባ፣ «ዛሬ ደግሞ ስንቱን ወለድሽ? ስንቱን ዳርሽ?» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። አሁን ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። ዲጂታል ማኅተሞቹን የምሠራው እኔ ነኝ። ክቡን እስላለሁ፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም ዙሪያውን አዞራለሁ፣ መሐሉ ላይ ቃሉን እጽፋለሁ። ለልደት ሰማያዊ፣ ለጋብቻ አረንጓዴ፣ ለሞት ጥቁር መርጫለሁ። ቀኑን ማሽኑ ራሱ ይሞላዋል። ከዚያ በማውዝ ጎትቼ ሰነዱ ላይ አሳርፈዋለሁ። ጣቴ አይቆሽሽም፣ ጠረጴዛው አይጮህም። ሥራ የሠራሁ እንኳ አይመስለኝም።

የጭነት መኪናህ ዳገቱ ግርጌ ቆማ ከተገኘች ወዲህ ያላንኳኳነው በር የለም። ጭነቱ እንዳለ ነው፣ ቁልፉ እንደተሰካ ነው፣ ጃኬትህ ወንበሩ ላይ ነው፤ አንተ ብቻ የለህም። ፎቶህን ይዘን ከሆስፒታል ሆስፒታል፣ ከፖሊስ ጣቢያ ፖሊስ ጣቢያ ተንከራተትን። በዚያ መንገድ የሚያልፈውን ሹፌር ሁሉ አስቆምን። «አይቼዋለሁ» ያለን ሁሉ ያየው ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። የበላህ ጅብ ሳይጮኽ ዓመታት አለፉ።

ሚስትህ ግን ጠበቀችህ። አንተ ሳቂታ ያልካት ልጅ ሳቋን ከነስሟ አስቀምጣ ጠበቀችህ። ባለፈው የበጋ ወቅት አንድ እሑድ ቤቴ መጣች። ሻርፗን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ልታገባ ነው ብለው ሰዎች ሳይነግሩሽ እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው» አለችኝ።

«ማንን?»

«አናጢውን። በራችንን ሊጠግን የመጣውን።»

ልቆጣት ተነሣሁ፤ ተመልሼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ይወድሻል?» አልኳት።

«በር በተንኳኳ ቁጥር እየሮጥኩ እንደምሄድ ያውቃል። ሩጫዬን አይቶ ነው የጠየቀኝ።»

ሁለታችንም አለቀስን። አንተን እንዳልረሳችህ እኔ ምስክር ነኝ። ግን ሰው ስንት ዓመት ለበር ይሮጣል?

እሷ ስታመለክት ፍርድ ቤቱ ምስክሮች ሰማ፣ ጋዜጣ ላይ አስጠራህ፣ መልስ ሲጠፋ «እንደ ሞተ ይቆጠር» ብሎ ወሰነ። እንዲህ ዓይነት ውሳኔ ሲመጣ በሰውየው የልደት ሰነድ ላይ የሞት ማኅተም ማረፍ አለበት። አንድ ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት ስምህ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም። ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። «ይኼን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። አንቺ ወጣ ብለሽ ንፋስ ተቀበዪ» አለኝ።

«አይሆንም፤ እኔው እሠራዋለሁ። ባዕድ አይንካው» አልኩት።

ወንድም ጋሼ፣ ዓይንህን አልከደንኩም፣ አፈር አላለበስኩህም። በእጄ የማደርግልህ የቀረኝ ይኸው ነበር።

ማኅተሙን ሳሳርፈው ስምህን ሸፈነው። አሳሳሁት፤ ቀለሙን እንደ ጉም አቀጠንኩትና ስምህ ከሥሩ ብቅ አለ።

«ደበዘዘ እኮ» አለ አለቃዬ። «ሲታተም አይነበብም። ድፍን ጥቁር አድርጊው።»

«ስሙን ዋጠው።»

«ወደ ጎን ግፊው ታዲያ።»

ወደ ቀኝ ገፋሁት፤ የእማዬ ስም ላይ ወጣ። ወደ ታች ሳወርደው የተወለድክበትን ቀን ጋረደው። አሳነስኩት፤ ሕጉ ከዚህ በታች አይፈቅድም አለ ማሽኑ። ያቺ ሰነድ ጠባብ ናት፣ ባዶ ቦታ የላትም። ብቻ ወደየትም ብገፋው አንድ ነገርህን ይዞ ይሄዳል።

ከዚያ ቃሉን ነካካሁት። «ሞቷል» የሚለውን አጥፍቼ «አልተመለሰም» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አልተመለሰም ካልሽ እኮ ሴትዮዋ ማግባት አትችልም» አለኝ። እውነቱን ነው። ያልተመለሰ ሰው ሚስት አለችው፤ የሟች ሚስት ግን ነፃ ናት።

ለእሷ ስል ቃሉን መለስኩት። ጥቁር አደረግኩት፤ ስምህ ላይ ተውኩት። የእማዬን ስም ከምሸፍን አንተ ትችለዋለህ ብዬ ነው። «አስቀምጥ» የሚለውን ስጫን ሰነዱ ተቆለፈ። ከዚያ ወዲያ እኔም ብሆን ልከፍተው አልችልም።

ሳቂታ ወረቀቷን ልትወስድ መጣች። ማኅተሙን በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ ዳሰሰችው።

«ደርቋል?» አለችኝ።

«እርጥብ ሆኖም አያውቅ» አልኳት።

አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከአናጢው ጋር እኛው ቢሮ ፈረመች። አረንጓዴውንም እኔ አሳረፍኩላት። አናጢው እጄን ጨብጦ መልቀቅ አቃተው። ደግ ሰው ይመስላል። ይህን መጻፍ እንዴት እንደከበደኝ አትጠይቀኝ።

እማዬ ነገሩን ስትሰማ አልጮኸችም። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶህን ስታይ ቆይታ፣ «ታዲያ ሲመጣ እንዴት ያደርጉታል?» አለችኝ። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ አንድ አዲስ ማኅተም ሠራሁ። ክቡን ሳልኩ፣ መሐሉ ላይ «ሞቱ ተሽሯል» ብዬ ጻፍኩ፣ ከሌሎቹ ጋር ደረደርኩት። አለቃዬ አየው።

«ይኼን የሚጠይቅ ሰው መጥቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እኔም እዚህ ቤት ስኖር አንድም አላየሁ። አጥፊው ልጄ፤ እያየሽው አትኑሪ።»

በገዛ እጄ አጠፋሁት።

ማታ እራት ስንበላ እማዬ ደግማ ጠየቀችኝ። «አለ» አልኳት፤ «ተመልሶ ለመጣ ሰው የሚመታለት ማኅተም አለ።»

«ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?»

ያላሰብኩት ጥያቄ ነበር። «ነጭ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «ነጭ ጥሩ ነው» አለችና ሳህኗን ወደ ራሷ ሳበች።

እኅትህ ነኝ፤ ያንተው ጩጬ