ቀዩ ማኪና የማን ነው?

ሰኞ፣ ጥቅምት ፫ ቀን ፲፱፻፶፩
የካሚዮን ፍሬን ስጠግን ዋልኩ። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ቀዩን ማኪናዬን አስነሳሁት። አንድ ጣሊያን አስመራ ላይ እሽቅድምድም ይነዳው የነበረ ነው። አገሩ ሲገባ በሁለት በቅሎ ለወጠኝ፤ ወረቀትም ጽፎልኛል። ድምፁ ቁስቋም ድረስ ይሰማል። ቄሶቹ ይረግሙኛል። ይርገሙኝ!

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፭
ሊብሬ የሌለው ማኪና ሁሉ ይመዝገብ ተብሎ ተለፈፈ። ጎረቤቴ ክንዱ ደግሞ፣ "አያ ዋሴ፣ የጣሊያን ቁጥር ያለበት ይወረሳል፤ ባለቤቱም ይታሰራል አሉ" አለኝ።
ማን አለ? እንጃ... ማኪናውን ግን በሸራ ሸፈንኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፮
አደረግሁት። ኮፋኖውን ከፍቼ ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር በሞረድ ፋቅሁት። ጥቁር ቀለም ቀባሁበት። ለሚስቴ ለወለተሩፋኤል እንኳ አልነገርኳት።

ሰኞ፣ ጥቅምት ፲
ጉድ ፈላ! ከአስመራ አንድ ፈረንጅ አሮጌ የእሽቅድምድም ማኪና ሊገዛ መጣ። ይህን የሰማው ሰፈራችን የሚኖረው ግራዝማች አድማሴ፣ "ማኪናው የእኔ ነው፤ ዋሴ ሰረቀኝ" ብሎ ከሰሰኝ። አንቱ ልበለው? በደብተሬ ላይ እንኳ አንተ ልበለው እንጂ!
ፖሊስ ማኪናውን ወሰደው። ወረቀቴን ይዤ ማኪና መመዝገቢያው ጽሕፈት ቤት ሮጥኩ። ጸሐፊው አነበበ።
"ሸጋ ወረቀት ነው። እዚህ ያለው ቁጥር ከማኪናው ቁጥር ጋር ከገጠመ፣ አለቀ።"
"የጣሊያን ስለነበረስ?"
"ታዲያ ምን አለበት? ቁጥር የሚፍቁ ሌቦችን ነው ወህኒ የምናወርድ።"
ፍቄዋለሁ እኮ። በገዛ እጄ!... በገዛ እጄ!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፩
እህል አልወርድ አለኝ። ወለተሩፋኤል አወጣጣችኝ፤ ነገርኳት። "አንተ ጅል!" ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ አለቀሰች።
"ማኪናውን ይውሰደው፣ ተው በቃ።"
ልተወው? ተውኩትስ ሌባ መባሉ ይቀርልኛል?

ሰኞ፣ ጥቅምት ፲፯
ችሎት። ግራዝማች ወረቀቴን "ዋሴ ራሱ የጻፈው ነው" አለ። ዳኛው ሽማግሌ ናቸው።
"በቅሎ እንኳ ስትጠፋ ባለቤቷ ምልክቷን ይጠየቃል። የዚህስ ምልክቱ ምንድን ነው?"
ግራዝማች ቀደመ። ቁጥሩን አንድ ሳያጓድል ተናገረ። ለችሎቱ ካስገባሁት ከእኔው ወረቀት ላይ አስገልብጦ!
"ትናንት ፖሊስ ጣቢያ ራሴ ኮፋኖውን ከፍቼ አይቸዋለሁ። ቁልጭ ብሎ ይነበባል" አለ።
ዳኛው ብዕራቸውን አነሱ። ዝም ብል ማኪናው ሄደ። ብናገር እኔ ሄድኩ... እንዴት እንደተናገርኩ አላውቅም።
"ጌታዬ፣ ውሸት ነው። ቁጥሩ የለም። እኔ ነኝ የፋቅሁት።"
ዳኛው ተነሡ። ፖሊስ ጣቢያ ወስደውን ኮፋኖውን አስከፈቱ። የለም! የግራዝማች ፊት አመድ መሰለ።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፬
ወህኒ ቤት። የግራዝማች ውሸት ስለተገለጠ ማኪናው ተፈረደልኝ፤ ቁጥሩን ስለፋቅሁ ደግሞ ሁለት ወር ተፈረደብኝ። ወለተሩፋኤል ዛሬ ሊብሬውን አምጥታ አሳየችኝ። ባለቤት በሚለው ላይ ስሜ ተጽፏል። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ ስሜን አነብባለሁ።
ያ ሁሉ ፍርሃት የት እንደገባ እንጃ። እህል ይበላልኛል፣ እንቅልፍም ይወስደኛል። አጠገቤ የሚተኛው እስረኛ፣ "ምን ሰርቀህ ነው?" አለኝ።
"የራሴን ማኪና" አልኩት።