የሮማ መቃብር ስለተባለው የእትዬ ወለተ ሐና የቆጮ ጉድጓድ

ለተከበሩ የጣሊያን ጦር ካፒታኖ፣ የጥንት ፍርስራሽ መርማሪ፣ የእምድብር ድንጋይ ሁሉ የበላይ ጠባቂ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የነሐሴ ዝናብ ድንኳንዎን ሳያፈስ፣ ጭቃውም ቦት ጫማዎን ሳይውጥ ይህች ደብዳቤ ትድረስዎ። በገበያው ዋርካ ላይ የለጠፍኳት ከድንኳንዎ በር ሦስት ጊዜ ስለተባረርኩ ነው እንጂ ሌላ ሰው እንዲያነብብኝ ብዬ አይደለም።

አስቀድሜ ስለ ጀፎራችን አመሰግናለሁ። ሠርግም ለቅሶም የምናይበትን ይህን በቤቶቻችን ፊት የተዘረጋ ሰፊ ሣር፣ አያቶቻችን በገመድ ለክተው ያወጡት ይመስለን ነበር። እርስዎ ግን እንዲህ ቀጥ ያለ ጎዳና ከሮማ ሰው በቀር ማንም አይቀይስም ብለው ከስህተታችን አወጡን። ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

አንደኛ፤ ከጉድጓዱ ክዳን ድንጋይ ላይ ያገኙትን የላቲን ጽሕፈት የቀረጽኩት እኔ ነኝ። በሐምሌ ሥራ ፈትቼ ስዞር ከእትዬ ወለተ ሐና ጓሮ ለስላሳ ድንጋይ አግኝቼ በሚስማር ሞነጫጨርኩበት። ልናዘዝ ብመጣ፣ የአገሬው ሰው እንዲህ ያለ ፊደል መጻፍ አይችልም ማለትዎን አስተርጓሚዎ ባልቻ ነገረኝ። የኔታም ሁለት ዓመት ካስተማሩኝ በኋላ ይህንኑ ብለው ነው ያባረሩኝ፤ ሁለት ሊቃውንት በእኔ ስለተስማማችሁ ኮርቻለሁ።

ሁለተኛ፤ የሮማ ጄኔራል መቃብር ነው ብለው ያስከፈቱት ጉድጓድ የእትዬ የቆጮ ጉድጓድ ነው። እንሰቱን ፍቀው፣ በኮባ ቅጠል ሸፍነው፣ ድንጋይ ጭነው ሁለት ዓመት ያቆዩት፣ ለመስቀል ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ልጆቻቸው ነው። በእኛ አገር የሴትን ጉድጓድ ባሏ እንኳ ሳያስፈቅዳት አይከፍትም። እርስዎ ግን ስምንት ሰው በአካፋ አሰልፈው ከፈቱት፤ ቅጠሉንም የጥንት ብራና ነው ብለው በጥንቃቄ አሰጡት።

ሦስተኛ፤ ሽታውን የሁለት ሺህ ዓመት ሽታ ነው ብለው በደብተርዎ ማስፈርዎ ክብራችን ነው። የሁለት ዓመት ነው እንጂ። ክፍቱን ካደረ ግን ቆጮው ይበላሻል፤ እርስዎም በሽቦ አጥረው ዘበኛ አቁመውበታል።

የሚቀጥለውን ቁጥር አልሰጠውም። ሳምንቱን ሙሉ ይህን ለመንደሩ እያወራሁ ሳስቅ ሰነበትኩ። ከዚያ እትዬን ሽቦው አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። አልተቆጡም።

«አንተ ልጅ፣ ልጆቼ ለመስቀል ሲመጡ ሳቅህን ላቅርብላቸው?» አሉኝ።

ስለዚህ የታችኛው ሳይበላሽ፣ ነገ ሽቦው እንዲነሳና እትዬ ጉድጓዳቸውን በአዲስ ቅጠል እንዲደፍኑ በትሕትና እለምናለሁ። ድንጋዩን ይውሰዱት፤ መርቄያለሁ። ቅጣትም ካለ የእኔ ነው፤ ቤቴን ባልቻ ያውቀዋል።

ደጅዎን ስጠና የሰነበትኩ፣ ከጥንታዊቷ የእምድብር ሮማ የተረፍኩ ብቸኛ ጸሐፊ፤
ገሠሠ
ነሐሴ 1930

ማሳሰቢያ፦ የጽሕፈቱ መጨረሻ በመጥፋቱ ማዘንዎን ሰምቻለሁ። አልጠፋም፤ ሚስማሬ ደንዝዞ ነው። ፊደሉን የገለበጥኩት የራስዎ ወጥ ቤት ከድንኳኑ ጀርባ ከጣለው የቲማቲም ቆርቆሮ ላይ ነው። የጎደለውን እንዲያነቡበት ቆርቆሮውን ለጊዜው ልልክልዎ አልችልም፤ ዘበኛው ዞር ሲል እትዬ በሽቦው ሥር ሾልከው የዝናቡን ውኃ ከጉድጓዳቸው ይጨልፉበታል። ጉድጓዱን ሲመልሱላቸው ቆርቆሮዎን እመልሳለሁ።