መተንፈሻ ያልነበረው ድንች

እሑድ፣ ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ከጓሮ ደረጃ ላይ

ይድረስ ለናፈቅከኝ ወንድምዓለም፣

ከሰላምታ በፊት ኑዛዜ ይቅደም። እኔ ታናሽ እህትህ፣ በቤት ስሜ ራዲዮ፣ ማንም ሳያስገድደኝ መሳቢያህን ከፍቼ የድንችህን አሠራር የጻፍክበትን ወረቀት ማውጣቴን፣ የመጨረሻዋን መስመርም በመቀስ ቆርጬ ማስቀረቴን አምናለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ ሁሉም ጆሮ ነው። ፍርዱን ከመስጠትህ በፊት ግን ምክንያቴን ስማ።

ወረቀቱን የፈለገው አባባ ነው። «ብየዳ በቃኝ፣ ምግብ አብሳይ እሆናለሁ» ብለህ ከወጣህ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ስላንተ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ እዚህ ቤት ይሠራ የነበረው የከሰል ድንች እንዴት ነበር አለኝ። ድንቹ ራሱን በራሱ ይሠራ የነበረ ይመስል! ለምን ደውለህ አትጠይቀውም ስለው፣ ዕድሜ ልኩን ብረት ያቀለጠ ሰው ድንች እንደማያቅተው ነገረኝ። ስለዚህ መስመሯን ቆረጥኳት። ሲያቅተው ይደውልልሃል ብዬ ነው።

ዛሬ አክስታችን ልብስ ሰፊዋ ለምሳ መጣች። አባባ ከበርሜል ቆርጦ በሠራት ማንደጃ ላይ ከሰሉን አቀጣጠለ። ድንቹን እኩል እኩል አድርጎ ቆራረጠው፤ ሜትር አላወጣም ብዬ አልምልም። ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠልና ፐርስሊ ጨምሮ በፎይል ጠቀለለው። ጠርዙን ሦስቴ አጥፎ በፒንሳ ጨመቀው። ከዚያ ባልዲ ውሃ አመጣ። እውነቴን ነው፤ በይዶ እንደጨረሰው ታንከር ጥቅሉን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ አረፋ ይወጣ እንደሆን አጎንብሶ ተመለከተ። አንዲትም አልወጣችም። በኩራት እሳቱ ላይ አስቀመጠው።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጥቅሉ እንደ ትራስ ተነፋ። እማዬ ራቅ በሉ አለች። አባባ እኔ የዘጋሁት አይከፈትም አለ። አልዋሸም፣ የዘጋው አልተከፈተም፤ የፈነዳው የጥቅሉ ሆድ ነው። የተጎዳ ሰው የለም። አንዲት የጥብስ ቅጠል ብቻ አክስታችን ግንባር ላይ ተለጠፈች። እሷም ሳታነሳት፣ ረጋ ብላ፣

«ልጁ እያለ ድንች አይተኩስብንም ነበር» አለች።

አንድም ሰው አልሳቀም። አባባ ከከሰሉ ዳር አንድ ቁራጭ በፒንሳው አነሳና አመዱን እፍ ብሎ ጎረሰው። እኔም ቀመስኩ፤ ጣዕሙ ያንተ ነው፣ ጥሬነቱ የአባባ። ብዙ አኘከ። ከዚያ ለራሱ እንደሚያወራ ሆኖ፣

«እሱ መተንፈሻ ይተውለት ነበር ማለት ነው» አለ። «ስንት ደቂቃ ይሆን የሚያቆየው?»

እሱ አለህ፣ ልብ በል። የቆረጥኳትን መስመር ራሱ ደረሰባት፤ ተንኮሌም ከሸፈ። እማዬ ስልኩን አጠገቡ አኖረችለት። አየው እንጂ አላነሳውም። አሁን ማንደጃውን እየጠረገ ነው፤ ከጸዳ ቆይቷል፣ እሱ ግን አሁንም ይጠርጋል።

አንድ ቀን ከደወለ እንዳትስቅበት። ደቂቃውን፣ የከሰሉን ብዛት፣ የቅጠሉን መጠን ይጠይቅህ ይሆናል። ነገሩ የድንች ብቻ እንደሆነ አድርገህ መልስለት። ቶሎ አትጨርስ።

በል እጅህን እሳት አይንካው፣ ከሽንኩርት በቀር የሚያስለቅስህ አይኑር፣ «ጨው በዛ» የሚል እንግዳ አይግጠምህ። የምትወድህ

ቆይ። ወረቀቱ ላይ ጥላ ወደቀ። አባባ ከኋላዬ ቆሟል፤ ምን ያህሉን እንዳነበበ እንጃ። ቀና አላልኩም፤ የሚለውን እንዳለ እየጻፍኩልህ ነው፦

«ራዲዮ፣ እስኪ ጠጋ በይና እስክሪብቶውን ስጪኝ።»