ለእትዬ ደሳለች ሞት አሜን ያልኩ ቀን

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአብሮ አደግ እህቴ፤

እንዴት ከርመሻል? ባለቤትሽስ? ልጆቹስ? የኮዬ ፈጬ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ጋ እንጦጦ ዘንድሮ አምርሮብናል፤ ጠዋት ጋቢ ሳልደርብ ከደጅ አልወጣም። እኔ ስኳሬ ከፍ ዝቅ ከማለቱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ልጄ ትሕትናም ደህና ናት፤ አክስቴን ሳሚልኝ ብላለች።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ሲደርስሽ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። ምን ላድርግ? ስደውልልሽ ገና አንዴ ሳይጠራ ይቋረጣል። ቴሌግራም ላይ ዘግተሽኛል። ትሕትናን ፌስቡክ ላይ ፈልጊልኝ ብላት “እማዬ፣ እዚያም ብሎክ ተደርገሻል” አለችኝ። የቀረኝ ቲክቶክ ብቻ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ እየጨፈርኩ ይቅርታ አልጠይቅሽም። ስለዚህ ወረቀትና ወፍራም እስክሪብቶ አስገዛሁ፤ ማስመሪያ ከየመስመሩ ሥር እያስደገፍኩ ይኸው እጽፍልሻለሁ። ወንድምሽ ዮፍታሔ እሑድ እናንተ ጋ እመጣለሁ ስላለኝ በእሱ እጅ ይደርስሻል። መስመሩ ተጣሞ ወይ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥቶ ብታገኚው አትፍረጂብኝ፤ እስክሪብቶ ከያዝኩ ስንት ዘመኔ ነው።

ሰሞኑን የናንተ ቤት ስልክ ትዝ እያለኝ ነው። ያ ጥቁሩ፣ ቁጥሩ በጣት የሚዞረው፣ እናትሽ ዳንቴል ያለበሱት። ማንም እየገባ እንዳይደውልበት ትንሽዬ ቁልፍ ነበረችው፤ ሲጠራ ግን የሰፈሩ ሁሉ ስልክ ነበር። እናትሽ እትዬ ደሳለች አጥሩ ጋ ቆመው “የማሚቴ ልጅ! ስልክ!” ብለው ሲጣሩ እስከ ወንዙ ድረስ ይሰማል። እኔ ነጠላ ጫማዬን ግራና ቀኝ አቀያይሬ እየሮጥኩ ስመጣ እሳቸው የማይሰሙ መስለው አልጋ ማንጠፍ ይጀምራሉ። ሁሉን ይሰሙ ነበር እኮ! ግን አንዲት ቃል ከዚያ ቤት ወጥታ አታውቅም። የትሕትና አባት በስልክ የተወኝ ቀን እንኳ ምንም አልጠየቁኝም። ውሃ ሰጡኝና ፊትሽን ታጠቢና ውጪ፣ ሰው እንዳያይሽ አሉኝ። እናቴ ማሚቴ ያን ለቅሶዬን ሳታውቅ ነው የሞተችው።

ኋላ ደግሞ ኢንተርኔት ቤት መጣ። ለሁለታችን አንድ ኢሜይል ከፍተን የይለፍ ቃሉን የእናትሽን ስም ያደረግነው ትዝ ይልሻል? ያ ናዝሬት ያለው ሰውዬሽ ፎቶውን የላከ ጊዜ፣ ፎቶው ከላይ ወደ ታች በዝግታ እየወረደ፣ መጀመሪያ ፀጉሩ፣ ከዚያ ግንባሩ፣ ከዚያ አንድ ቅንድቡ። አፍንጫው ላይ ሲደርስ ሰዓታችን አለቀ። ሳምንት ሙሉ አፍንጫው ምን ይመስል ይሆን እያልን ስንከራከር ሰነበትን። ዛሬ በአንድ ጠዋት መቶ ፎቶ ይመጣልኛል፤ አንዱንም ከልቤ አላየውም። ያኔ ጥበቃው ራሱ ደስ ይለኝ ነበር፤ ጥበቃው ያንቺ ትከሻ አጠገብ ስለነበር መሰለኝ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ስሸሸው ሁለት ገጽ ሞላ።

እድራችንን ወደ ቴሌግራም ያስገባሁት እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ጸሐፊ ነበርኩና በስብሰባ ተነሥቼ፣ በዚህ ዘመን ሰው ሞተ ብሎ በንጋት ጥሩንባ መንፋት ምን ይባላል፣ ዓለም የት ደርሷል ብዬ ተከራከርኩ። ተጨበጨበልኝም። ጥሩንባ ነፊያችን ጋሽ ቦጋለ የድንኳንና የወንበር ጠባቂ ሆኑ። የዚያን ቀን ሲወጡ ቀረብ ብለው፣ ልጄ፣ እኔ ስነፋ አላየሁም ያለ ሰው ግን አልነበረም አሉኝ። እኔ ደግሞ ጋሽ ቦጋለ ከዘመኑ ጋር ይሂዱ እንጂ ብዬ ቀለድኩባቸው።

ግሩፑ ውስጥ ከእድር ወሬ ይልቅ አበባ ነው የሚበዛው። ጎህ ሲቀድ አንዱ ጽጌረዳ ይልካል፣ አንዱ ርግብ፣ አንዱ የሚያበራ ሻማ፤ ሥሩ ምርቃት አለው። ጸሐፊዋ ካልመለሰች ናቀችን ይባል ነበር። ስለዚህ ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ለሁሉም አሜን፣ አሜን እያልኩ እወርድ ነበር። ትሕትና የሚያጨበጭቡ እጆች ያሉበትን ስቲከር አሳይታኝ ነበር፤ እሱን እጨምርበት ነበር።

የዚያን ክፉ ቀን ጠዋት ሊቀመንበሩ አቶ ጌቱ የላኩትን አየሁ። የእትዬ ደሳለች ፎቶ፣ ዙሪያውን አበባ፣ ሥሩ ደቃቅ ጽሑፍ። ከሁለት ሳምንት በፊት የእማማ ዓለሜ ሰማንያኛ ልደት በዚያው ዓይነት አበባ ተልኮ ስለነበር፣ የእናታችንም ደረሰ ብዬ ደስ አለኝ። “አሜን! ዕድሜና ጤና ይስጥልን!” ብዬ ጻፍኩ። አጨበጨብኩም። ስልኩን ቻርጅ ላይ ትቼ ወደ ሥራዬ ወረድኩ።

ማንም አልደወለልኝም። ሁሉም ቴሌግራም ላይ አይታለች ብሎ ነዋ! አይቻለሁ፣ መልሻለሁም።

ሱቄ ታች ገበያው ውስጥ ስለሆነ የሰፈሩ ለቅሶ አይሰማበትም። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ የነጠላ ቋጭ እቋጫለሁ፤ ጥልፉን ትቼ አሁን ቋጭ ብቻ ነው የምሠራው፣ ጣቴ ራሱ ያውቀዋል። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ ቦጋለ ከቀብር ሲመለሱ ደጄ ላይ ቆሙና፣ አንቺ ግን ምነው ቀረሽ አሉኝ። ከየት ነው የቀረሁት አልኳቸው። ከደሳለች ቀብር ነዋ አሉኝ። እንዴት ተነሥቼ እንደሮጥኩ አላውቅም። ያን መንገድ ስሮጠው ከልጅነቴ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ አንቺ ፍራሹ ላይ ተቀምጠሽ ነበር። እግርሽ ሥር ወደቅኩና በደነገጠ አፌ ኔትወርክ አልነበረም አልኩሽ። ይህን ውሸት እስክሞት አልረሳውም። አንቺ ስልክሽን አውጥተሽ ፊቴ ላይ ደቀንሽው። አፍጥጬ አየሁት፤ ያየሁት ግን ብርሃኑን ብቻ ነው። ቤት ገብቼ ትሕትና ጮክ ብላ ስታነብልኝ ነው የሠራሁትን የሰማሁት። ከኔ አሜን ሥር “ነፍስ ይማር” የሚሉ ስድሳ ሰዎች ተሰልፈዋል።

ምን እንዳሰብሽም አውቃለሁ። በፋሲካ ተጣልተን፣ እናትሽን ለጎረቤት ጥለሽ ፎቅ ላይ ወጣሽ ብዬሽ ነበር። ያ ነገር ሳይበርድ ነው ይህ የመጣው፤ በሞታቸው የተሳለቅኩብሽ፣ ቂሜን የተወጣሁ መስሎሻል። እህቴ፣ አልተሳለቅኩም። የፋሲካውን ግን ብያለሁ፣ እሱንም አልክድም። ያልኩትም ቀንቼ ነው። አንቺ እናት ነበረሽ፤ እኔ የኔዋ እያለችም ያንቺን እናት እየተዋስኩ ነው ያደግኩት፣ አንቺ ስትርቂ ለብቻዬ የቀሩልኝ መሰለኝ። ስትመጪ እሳቸው ዞር ብለው እንኳ አያዩኝም ነበርና ተናደድኩ። ይኸው ነው፣ ከዚህ የባሰ የምነግርሽ ሐፍረት የለኝም።

ለምን ሳላነብ መለስኩ? ምክንያት አለኝ። አልነግርሽም። ብነግርሽ ደንግጠሽ፣ አልቅሰሽ፣ በዚያው ቀን ታክሲ ይዘሽ እንደምትመጪ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ አዝነሽልኝ እንድትመጪ አልፈልግም። ይቅር ብለሽኝ እንድትመጪ ነው የምፈልገው። ሁለቱ ለኔ አንድ አይደሉም።

አርባቸው ቀን ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ከሴቶቹ መሐል ፈልጌ ላገኝሽ አልቻልኩም፤ ሁሉም ጥቁር ለብሷል። “እማዬ” ብለሽ ስታለቅሺ ግን ሰማሁሽ። ልጠጋሽ ፈለግኩ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብትመልሺኝስ ብዬ ፈራሁ፤ ትሕትና እጄን ይዛ መለሰችኝ።

የእድሩንም መዝገብ ለዚያች ለሚልካ አስረክቤያለሁ፤ ልጅ ናት፣ ቀልጣፋ። ምነው ተውሽው ሲሉኝ ደከመኝ አልኳቸው። ከመልቀቄ በፊት ጥሩንባው ይመለስ ብዬ እጄን ባወጣ አዳራሹ በሳቅ አለቀ። ያስቀረሽው አንቺ፣ መልሱ የምትይው አንቺ አሉኝ። ልክ ናቸው። ትሕትናም ስልኩ ራሱ ጽሑፍ የሚያነብበት ነገር አለው፣ ላስገባልሽ ትለኛለች። አንዴ ሞከርነው፤ የአማርኛ ነገር አልሆንልህ ብሎት እየተንተባተበ ስሜን ራሱ ሌላ ሰው አደረገው።

ሰማንያ ቀናቸው ሳይደርስ መቃብራቸው ላይ አብረን ብንቆም ከዚህ ዓለም ሌላ የምለምነው የለኝም። አንድ ጊዜ ከጎንሽ ቆሜ ላልቅስላቸው። በቀብራቸው ቀን የቀረብኝ ለቅሶ እዚህ ደረቴ ላይ ተቀምጦ አላስተኛ ብሎኛል።

እመቤታችን አንቺን ከነልጆችሽ ትጠብቅልኝ። እግዚአብሔርም የእናታችንን ነፍስ ከአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን። በዚህኛው ላይ አሜን የምለው አውቄ ነው።

መልስሽን ግን በወረቀት አትላኪው። ተቆጪኝም፣ ስደቢኝም፣ መጥተሽ በአፍሽ ይሁን። ስትመጪ ደግሞ በሩ ላይ ዝም ብለሽ አትቁሚ፤ ቀድመሽ ተናገሪ። አንቺን “ማን ልበል?” ብዬ እንዳልጠይቅሽ።

የማትረሳሽ
አብሮ አደግሽ