ጋሪዎቹ የቆሙበት ቦታ

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ማታ

ዛሬም መስመር ስናሰምር ዋልን። ገበያው በር ፊት ለፊት፣ ከመድኃኒት ቤቱ እስከ ባጃጅ ተራው። ፋንድያው ተጠርጎ ታጥቧል። ነጭ ቀለም። ሲደርቅ ያምራል። ከእንግዲህ ጋሪ እዚያ አይቆምም፤ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ዳንግላ አሁን ከተማ መሰለች ይላል ኃላፊው። ለጋሪ ነጂዎቹ የምነግረው እኔ ነኝ። የከተማው ትራንስፖርት ጽ/ቤት የፓርኪንግ ባለሙያ እኔ ነኛ።

አባባ ከነጂዎቹ አንዱ ናቸው። አንቺ ታውቂያለሽ፣ ደብተሬ። የእናቴ ወንድም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደጉኝ እሳቸው፤ ት/ቤት የላከኝም ያው ጋሪ። ይህን እየጻፍኩ ምንም አይሰማኝም። እግሬ ቀዝቅዟል። ልተኛ።

ማክሰኞ፣ 9

ስብሰባው እዚያው መንገድ ዳር ሆነ። ነጂዎቹ ጅራፋቸውን እንደያዙ ከበቡኝ። አዲሱ ተራ ከድልድዩ ማዶ ነው አልኩ። ውሃ አለ ወይ? ይታሰብበታል። ጥላስ? ይታሰብበታል። ሸክም ያላት ሴት እስከዚያ በምን ትምጣ? እሱም።

አባባ ከኋላ ቆመዋል። ቤት ውስጥ የምናወራው በአገውኛ ነው፤ አንቱ የምለው እኔ፣ አንቺ የሚሉኝ እሳቸው። ዛሬ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በአማርኛ፣ «እንዳዘዙን እናደርጋለን፣ እመቤት» አሉኝ። እኔን። የሳቀ የለም። አሽሙርም አልመሰለኝም። የመንግሥት ሰው ፊት እንደሚቆም ሰው ነው የቆሙት። አመሰግናለሁ ብዬ ወረቀቴን አጠፍኩ።

ቅዳሜ፣ 13

ገበያ። ሴቶቹ ከድልድዩ ማዶ ጤፍ ተሸክመው በእግር ይመጣሉ። ያሰመርነው መስመር ግማሹ ባዶ። ሾፌሮቹ እንደ ድሮው መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ያቆማሉ፤ «ለደቂቃ ነው እህቴ» ይላሉ። ስቀጣ ዋልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስላል። ምሳ አልበላሁም፤ አልራበኝም።

ረቡዕ፣ 17፣ ከሰዓት

መሀል ከተማ የገባ ጋሪ ይያዝ ተብሏል። ደንብ አስከባሪዎቹ አንድ አመጡ። በመስኮት አየሁ። ሰማያዊ ጋሪ፣ ዳማ ፈረስ። የእኛው ነው። አባባ እግሯ የተሰበረ ባልቴት ጤ/ጣቢያ አድርሰው ሲመለሱ ነው የተያዙት።

ለኃላፊው ነገርኩት። «ዘመድሽ ስለሆኑ ብንለቅ ነገ ምን እንባላለን?» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። የመያዣውን ወረቀት ፈረምኩ።

አባባ በእግራቸው ወጡ። አላዩኝም። ወይም አይተውኛል። ፈረሱ ጽ/ቤቱ ግቢ ውስጥ ታስሮ ቀረ። ውሃ በባልዲ ወሰድኩለት። ጠጥቶ ሲያበቃ አፍንጫውን ብብቴ ሥር ወሸቀ፤ ልጅ ሆኜ ገብስ ደብቄ የማመጣለት እዚያ ነበር። ቆሜ ጠበቅሁ፣ ለቅሶ ይመጣል ብዬ። አልመጣም። ባልዲውን ወደ ቦታው መለስኩ።

ዓርብ፣ 19

አባባ ቅጣቱን ትናንት ከፍለው ፈረሳቸውን ወሰዱ። ሰላም አላሉኝም። ዛሬ እቴቴ ደወለች፣ የአባባ ባለቤት። ፈረሱ ነገ ሊሸጥ ነው። «ከድልድይ ማዶ የሚቆም ጋሪ ላይ ማን ይሳፈራል ብለሽ ነው?» አለች። አልወቀሰችኝም። ድምፅሽ ሰልሏል፣ ትበያለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እበላለሁ አልኩ።

ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። ከመስመሩ አንድ ጥግ ለጋሪ ይከለል፣ ቢያንስ ለሕመምተኛ። በጽሑፍ አቅርቢው አለኝ፤ በሚመጣው ስብሰባ ይታያል። ጻፍኩ። አስገባሁ። የጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ከሌሎቹ ወረቀቶች በታች ተቀመጠ።

ቅዳሜ፣ 20

ተሸጠ። የጫግኒ ነጋዴ ወሰደው አሉ። አልሄድኩም፤ ተረኛ ነበርኩ። ተረኛ ባልሆንም የምሄድ አይመስለኝም።

ከሰዓት ኃላፊው ጠራኝ። ደስ ብሎታል። ፈረስ የሸጡ ነጂዎች በመኪና ማቆሚያው ተቆጣጣሪ ሆነው ይቀጠሩ ተብሏል። «አጎትሽን ከሁሉም አስቀድሜያቸዋለሁ» አለ። ለሳቸው የሚሆን አንጸባራቂ ሰደርያ ሰጠኝ። ብርቱካንማ። ገና ከላስቲኩ አልወጣም። አመሰገንኩት። ሌላ ምን ይባላል?

እሑድ፣ 21፣ ጽዮን ማርያም

ከቤ/ክርስቲያን መልስ ሰደርያውን ይዤላቸው ሄድኩ። ይወረውሩብኛል ብዬ ነበር። እንዲወረውሩብኝም ፈልጌ ነበር። ተቀበሉኝና ለበሱት። ትከሻው ላይ ሰፋ። እቴቴ መርፌና ክር አምጥታ እላያቸው ላይ እንዳለ ታጠብበው ጀመር። እጃቸውን ዘርግተው ቆሙላት።

ከዚያ ጠየቁኝ። ሾፌሩ መኪናውን አላነሣም ቢለኝስ?

«በትሕትና ይንገሩት።»

«ቢሰድበኝ?»

«ታርጋውን ይያዙና ለእኔ ይደውሉ።»

«ዓይኔ እኮ ታርጋ አያነብም፣ ልጄ።»

የሰደርያውን ላስቲክ አጣጠፍኩ። እሳቸውም ይህን ሲያዩ ሌላ ጠየቁ፤ ዝናብ ሲመጣ የት ነው የምጠለል? ሁሉንም ሊይዙ እየሞከሩ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ይሰሙኛል።

ጓሮ ወጣሁ። ጋሪው አለ፤ ግድግዳ ተደግፎ። ገለባው ላይ ተቀመጥኩ። እቴቴ መጥታ ቀሚሴን አራገፈችልኝ።

አሁን ቤቴ ነኝ። ወስኛለሁ። ነገ ቢሮ አልገባም። ከአባባ ጋር ገበያው በር ላይ እቆማለሁ፣ ከነገ ወዲያም፣ እስኪለምዱ ድረስ። ታርጋውን እኔ አነባለሁ። ኃላፊው የፈለገውን ይበል፣ ከፈለገም ያባርረኝ። አንድ ሾፌር አፉን ቢከፍትባቸው ግን፣ እኔ ነኝ የምመልስለት።