ስለ ኋላ በራችን፣ ለብስክሌተኞቹ ሰብሳቢ

ለ«ፔዳልና ጠመቃ» የቅዳሜ ጉዞ አስተባባሪ ኮሚቴ
ለክቡር ሰብሳቢው ለአቶ ዓብዩ
ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አርባ ሰው በብስክሌት ወደ ሰፈራችን ሲያመጡ እርስዎ ራስዎ በመኪና፣ መስኮቱን ዘግተው ማቀዝቀዣውን ከፍተው ስለመጡ፣ የድሬዳዋ ፀሐይ እንዳልጎዳዎት ተስፋ አለኝ። ስፖርት ለሰውነት ያለውን ጥቅም በድምፅ ማጉያ ሲያስረዱን ግንባርዎ ላይ አንዲት ጠብታ ላብ አለማየቴ ስለ ጤናዎ የነበረኝን ስጋት አቃሎልኛል። ጉልበትዎን እግዚአብሔር እስካሁን ሳይደክም እንዳቆየው ወደፊትም ሳይደክም ያቆይልዎ።

እኔ ትርንጎ እባላለሁ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ጠላ እየጠመቅኩ ስኖር ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ስሜን አይረሱትም ብዬ አምናለሁ፤ አራት ሜትር በሚሆን ሸራ ላይ አጽፈው የሰቀሉት እርስዎ ነዎት። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ የማወጣው እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ «ለጉብኝት ወጥተዋል» ስለተባልኩ፣ ምናልባት በጉብኝቱ መካከል ዓይንዎ ቢያርፍበት ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሐሳብዎ ላመስግን። ከከዚራ ሰፈር ተነሥቶ፣ አንድ ቦታ ቢራ፣ ሁለተኛው ቦታ ጠጅ፣ ሦስተኛው ቦታ የእኔን ጠላ እየቀመሱ በብስክሌት ከተማውን መዞር ለእኛ ላልተማርነው ፈጽሞ የማይታሰብ ነገር ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሃያ ስድስት ዓመት ወደ ባቡር ጋራዡ በብስክሌት ተመላልሷል። ፊሽካ የሚነፋለት አልነበረም፤ እኛም ሥራ መሄድ እንለው ነበር እንጂ ሌላ ስም አላወጣንለትም። መጠጣቱንም ይጠጣ ነበር፤ የጠጣ ቀን ግን ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ ይመጣ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ እንደሚቻል፣ ለዚያም ኮሚቴ እንደሚቋቋምለት የሚነግረው ሰው ሳያገኝ ሞተ።

እንግዲህ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ በቢሮዎ ያለ ቁጥር የቀረበ ነገር እንደማይነበብ ተነግሮኛል።

አንደኛ፣ ስለ ኋላ በሩ።

ግቢያችን የሁለት ቤት ግቢ ነው። በአንዱ እኔ አለሁ፤ ፊት ለፊቴ ሃምዳ አለች። ሃምዳ ሶማሌ ናት፣ ሙስሊም ናት፣ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች። ባለቤቴ ሞቶ ጠላ መሸጥ ስጀምር የሃምዳ ባል ዱዓሌ፣ አላህ ይዘንለት፣ ሰካራም በልጆቹ ፊት እንዳያልፍ ፈራ። አልተጣላንም፣ ቀበሌም አልሄድንም። አንድ እሑድ መዶሻ ይዞ መጣና ከቤቴ ጀርባ ያለውን ግንብ በገዛ እጁ አፍርሶ በር አወጣልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠጪ በኋላ በር ይገባል፣ በኋላ በር ይወጣል። ዓርብ ቀን ጠላ አላጠልልም። አተላዬን ሰው ሳይነሣ በጀርባ አወጣለሁ። ሃምዳም በበኩሏ ውሃ በጠፋ ቁጥር ከበርሜሏ ትቀዳልኛለች፤ እኔ ቤተ ክርስቲያን የሄድኩ እንደሆነ በኋላ በር የሚያንኳኳውን ሁሉ «ትርንጎ የለችም፣ አቦ ዛሬ እንኳ ውሃ ጠጡ» ብላ የምትመልሰው እሷ ናት። ዱዓሌ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በሩ ግን አንድም ቀን ሥራውን አልተወም።

የእርስዎ አስተባባሪ ይሳቅ፣ ትሑት ልጅ ነው፣ ቤቴን ለማየት ሲመጣ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት። «ችግር የለም እማማ፣ በኋላ በር እናስገባቸዋለን» አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ፎቶ አንሺያችሁ የኋላውን በር አይቶ ጠባብ ነው፣ ጀርባው ላይ ቆሻሻ ይታያል፣ ለፎቶ አይመችም በማለቱ፣ አርባ ብስክሌት በፊት በር ገባ። ሃያ ሁለት ዓመት የጸና ስምምነት ለፎቶ አለመመቸቱን ቀደም ብለን ባለማወቃችን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ሸራው።

«የወይዘሮ ትርንጎ ባህላዊ ጠላ ቤት፣ ማረፊያ ቁጥር ሦስት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለውን ሸራ የሰቀላችሁት በግቢው ዋና በር ላይ ነው። የበሩ እኩሌታ የሃምዳ ነው። ሸራው እኩሌታ አልነበረም።

ሦስተኛ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ። በዚህ ላይ ክቡርነትዎ ጥቂት እንዲታገሱኝ እለምናለሁ።

የሃምዳ ልጅ ኢስታር በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ስፌት ትሠራለች። ሱፍያን የሚባል የጀልዴሳ ልጅ ወዷታል፣ እሷም ወዳዋለች። ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የልጁ አጎት ሐጂ ዐብዲቃድር ከአምስት ሽማግሌዎች ጋር የኒካሁን ቀን ሊቆርጡ መጥተው ነበር። ሃምዳ ግቢውን አስጠርጋ፣ ምንጣፍ ዘርግታ፣ ቴምርና ሻይ አቅርባ፣ ሽማግሌዎቹ ገና ዱዓ አድርገው አሜን እንዳሉ ነው የእርስዎ ሰዎች ፊሽካ እየነፉ የገቡት።

ስለ አለባበሳቸው ብዙ አልናገርም። የከተማው ታላላቅ ሰዎች፣ ልጅ የዳሩ፣ ቦርጫቸው ከፊት የሚቀድማቸው ሰዎች፣ ከገላ ጋር የተጣበቀ ቁምጣ ለብሰው በእጮኛዋ ሽማግሌዎች ፊት ሲያልፉ ሐጂ ዐብዲቃድር ኩታቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉ። አንዱ ብስክሌቱን የሽማግሌዎቹ ጫማ ላይ አጋደመው። አምስት ብስክሌተኞች ምንጣፉን ለእነሱ የተነጠፈ መስሏቸው ጫማቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ፤ አንዱም ቴምሩን «ከጠላ ጋር አይሄድም» ብሎ ገፋ አደረገው።

ከሁሉ የከፋው ግን ያ ባለ ቀይ ቆቡ ሰውዬ ነው። ሁለት ማረፊያ አልፎ የመጣ ስለነበረ ፍቅር በዝቶበታል። ከቤቴ ጠላ በጣሳ ቀድቶ ወጣና ሐጂ ዐብዲቃድር ፊት ተንበርክኮ፣ ጣሳውን ወደ ከንፈራቸው አስጠግቶ፣ «አባባ፣ ይቅመሱ እንጂ፣ ባህላችን አይደል እንዴ» አላቸው። ሐጂው አልተቆጡም። «ልጄ፣ ባህልህን አንተው ያዝልኝ፤ እኔ የመጣሁት ሙሽራ ልጠይቅ ነበር» አሉና ተነሡ። ከበሩ ሲደርሱ ቀና ብለው ሸራውን አነበቡ። ከዚያ ወደ ሃምዳ ዞረው፣ «ልጅ የምንወስድበትን ቤት በሚቀጥለው ቅዳሜ በዚሁ ሰዓት ተመልሰን ደህና አድርገን እናየዋለን፤ ያየነው ይህንኑ ከሆነ ግን ሦስተኛ አንመጣም» ብለው ሄዱ።

አራተኛ፣ ስለ ፎቶው።

ፎቶ አንሺያችሁ ሌላ ሥራ ባይሳካለት ይህ ተሳክቶለታል። ባለ ቀይ ቆቡ ተንበርክኮ፣ ጣሳው ከሐጂው ጺም በአንድ ስንዝር ርቀት ላይ ሆኖ የተነሣውን ፎቶ በገጻችሁ ላይ «ድሬዳዋ፣ የመቻቻልና አብሮ የመኖር ተምሳሌት» ከሚል ጽሑፍ ጋር አወጣችሁት። ሐጂ ዐብዲቃድር በሚኒባስ ጀልዴሳ ሳይደርሱ ፎቶው በስልክ ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። መንደሩ ሁሉ ሽማግሌው ሙሽራ ሊጠይቁ ሄደው ጠላ ሲቀርብላቸው አየ። እኔና ሃምዳ ሃያ ሁለት ዓመት ስንኖር ነገሩ አብሮ መኖር መባሉን አናውቅም ነበር፤ እኛ የኋላ በር ነበር የምንለው። ስሙን ስለነገራችሁን እናመሰግናለን። ስሙ ከመጣ ወዲህ ነገሩ ግን ጠፍቷል።

አምስተኛ። ይህ አጭር ነው። ሁለት ተሳታፊዎች ሲወጡ የሃምዳ ግንብ ላይ ሸንተዋል። ከሦስት ማረፊያ በኋላ የማይቀር ነገር ስለሆነ አልፈረድኩባቸውም፤ በፕሮግራማችሁ ላይ አራተኛ ማረፊያ ተብሎ አለመመዝገቡ ግን ስህተት ይመስለኛል።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ቁጥር ያልሰጠሁት አንድ በደል አለ፤ እሱም የእኔ ነው። ይሳቅ በዚያ ጠዋት «እማማ፣ በፊት በር ብናስገባቸው ምን ይመስልሻል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እንቢ ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ሸራውን እየሰቀሉ ነበርና ቀና ብዬ ስሜን አየሁት። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ፣ የማታ ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ስሜን በደብተር ላይ አውቀዋለሁ፣ በመታወቂያዬም ላይ አውቀዋለሁ፤ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ፣ ማንም ሳያነብልኝ፣ ከመንገድ ማዶ ቆሜ ያነበብኩት ግን ያን ቀን ነው። ዝም አልኩ። ዝምታዬ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ ለአርባ ብስክሌት ግን በቂ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ሃምዳ መጥታ፣ «ትርንጎ፣ የፊቱን በር አንቺ ነሽ የከፈትሽላቸው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደምን አደርሽ ስላት መልስ የለም። ኢስታርም «እማ ትርንጎ» ማለቱን ትታ በአጠገቤ ጎንበስ ብላ ታልፋለች። ወደ ሥራዋ ስትሄድ ዓይኗ አብጦ አየዋለሁ። ክቡርነትዎ የሚያዙት ብስክሌት በሙሉ ቢገፋ ያቺን ልጅ ቀና አያደርጋትም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ትናንት ሰፈራችን መግቢያ ላይ ባለው ምሰሶ ላይ የለጠፋችሁትን ማስታወቂያ አነበብኩ። በሕዝብ ጥያቄ መሠረት ጉዞው በመጪው ቅዳሜ እንደሚደገም፣ የተሳታፊው ቁጥር ሰማንያ እንደሚደርስ፣ ማረፊያ ቁጥር ሦስት ላይ አራት ሰዓት እንደምትደርሱ ይገልጻል። ሽማግሌዎቹ የሚመለሱት በዚሁ ቅዳሜ፣ በዚሁ አራት ሰዓት ነው። ጥያቄ ያቀረበው ሕዝብ ማን እንደሆነ ለማወቅ ከጎረቤት ጎረቤት ዞሬ ጠይቄ ነበር፤ እስካሁን አላገኘሁትም። ምናልባት እሱም ለጉብኝት ወጥቶ ይሆናል።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው ይህን ነው። ቤቴን ከማረፊያችሁ ዝርዝር ፈጽማችሁ አውጡልኝ። ፎቶውን ከገጻችሁ አንሡት። እርስዎም ከቅዳሜ በፊት፣ መኪናዎን ደቻቱ ድልድይ ላይ አቁመው፣ በእግርዎ ሃምዳ ደጅ መጥተው ሸራውን ያሰቀለው ማን እንደሆነ በአንደበትዎ ይንገሯት። ይህን ለማድረግ ጊዜ ካጡ ግን ቢያንስ አይምጡ፤ አለመምጣት ከኮሚቴዎ አቅም በላይ አይመስለኝም።

እኔ የድርሻዬን አድርጌያለሁ። ሸራውን ሰኞ አውርጄዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ የጣልኩትን ጥንስስና የበሰለውን ድፍድፍ ትናንት በኋላ በር አውጥቼ ደቻቱ አሸዋ ላይ ደፋሁት። ሦስቱን ጋኖች አጥቤ በግቢው መሐል ደፍቻቸዋለሁ፤ ጌሾዬን ለአንዲት የሳቢያን ሰፈር ሴት ሰጥቻታለሁ። ከእንግዲህ አልጠምቅም። ሐጂ ዐብዲቃድር ቅዳሜ መጥተው «በዚህ ግቢ ጠላ አለ ወይ?» ብለው የጠየቁ እንደሆነ ሃምዳ ሳትዋሽ የለም ትላቸው ዘንድ ነው። ጋኖቹን ስደፋ ሃምዳ ደጃፏ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

ለባህላዊ ጠመቃ እድገት ላደረጋችሁት አስተዋጽኦ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ድርቅና ረሃብ፣ ባልም መሞት ያላስቆሙትን ጋን በአንድ ጠዋት አስቁማችኋልና።

ዕድሜና ማዕረግ፣ ቁልቁለት የበዛበት መንገድ፣ የማይተነፍስ ጎማና የማይጠይቅ ሕዝብ እየተመኘሁልዎ፣ እጅግ ዝቅ ብዬ፣ ከደፋኋቸው ጋኖች አጠገብ እሰናበታለሁ።

የእርስዎ የቀድሞ ማረፊያ ቁጥር ሦስት፣
ትርንጎ
ከደቻቱ ማዶ፣ ድሬዳዋ

ማስታወሻ፦ ይሳቅ ለጉዞው ፈቃደኛ መሆኔን ላስፈርም ብሎ ሲመጣ፣ መጻፍ እችል እንደሆነ ሳይጠይቀኝ ለአውራ ጣቴ የሚሆን የቀለም ሳጥን ይዞ መጥቶ ነበር። እኔ በእስክሪብቶ ስለፈረምኩ ሳጥኑን ረስቶት ሄዷል። ክዳኑን ዘግቼ ከዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ጋር ለቢሮዎ ልኬልዎታለሁ። ከቢሮዎ ይህን ደብዳቤ አንብቦ መልስ የሚጽፍ ሰው የጠፋ እንደሆነ፣ መቀበልዎን በአውራ ጣትዎ ያረጋግጡልኝ፤ እኔ አልንቅዎትም።