ከበሩ የተመለሰው

ሌንሳዬ፣ አካም ጅርታ?

ካርዱ ላይ ያለውን የድንጋይ ምስል አይተሽ እንዳትደነግጪ፤ ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችም እንዳታሳዪብኝ። ለሥልጠና ጃፓን መጥቼ፣ ኪዮቶ ውስጥ አንድ ቤተ መቅደስ ደጃፍ ያገኘሁት ቦዲሳትቫ ነው። ጣዖት ነው ብዬ ላልፈው ስል አንዲት ባልቴት ራሱ ላይ ውኃ እያፈሰሱ በመዳፋቸው ሲያጥቡት አየሁና ቆምኩ።

አስጎብኚያችን እንደነገረችኝ፣ ቦዲሳትቫ ማለት ከመከራ ሁሉ ወደሚያርፍበት ቦታ ለመግባት በቅቶ ሳለ «ሌላው ሳይገባ እኔ አልገባም» ብሎ ከበሩ የተመለሰ ነው። «ተዘግቶበት ይሆናላ!» አልኳት። ለባልቴቷ ሲተረጎምላቸው ሳቁ። «ለእሱማ ክፍት ነው» አሉ።

ሳቃቸው እስካሁን አልለቀቀኝም። ዲጋ ስናስተምር የሁለታችንም ዝውውር የመጣው በአንድ ቀን ነበር። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆቼን ለፈተና ሦስት ወር ሲቀራቸው ትቼ አዲስ አበባ ገባሁ። አንቺ ደብዳቤሽን አጥፈሽ መሳቢያ ውስጥ ከተትሽና የኔንም ክፍል ደርበሽ ያዝሽ። እኔ ደግሞ በየሄድኩበት «ሌንሳ ፈሪ ናት፣ ከዲጋ መውጣት አቃታት» እያልኩ አወራሁብሽ። ይቅር በይኝ።

ቦታ አልቆብኝ ጠርዙ ላይ ነው የምጽፈው። እናትሽን አዴ ወርቂቱን ሳሚልኝ። ጨለለቂ ከወረድሽም የኛን ቤት ሰዎች ሰላም በይልኝ።

ስለ ልጆቹ ግን እስከዛሬ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄሽ አላውቅም። አለፉ?

እታገኝ